ምዕራፍ 8፦ መሪውን የጨበጠው

በምዕራፍ 6 ሰርቨር የሚባለው ኮምፒውተር እንደማንኛውም ማሽን እንደሚሞቅ፣ እንደሚያረጅ፣ መብራት ሲጠፋበትም ቀጥ እንደሚል አይተናል። በምዕራፍ 7 ደግሞ አንድ ፕሮግራም የሚያስፈልገውን ሁሉ ይዞ «ኮንቴይነር» በሚባል ጥቅል ውስጥ እንደሚታሸግና ከአንዱ ሰርቨር ወደ ሌላው እንደሚዘዋወር ተመልክተናል። አንድ ጥያቄ ግን ሳይመለስ ቀርቷል። ጥቅሉ አንድ ወይም ሁለት ሲሆን አንድ ባለሙያ ቁጭ ብሎ ይጠብቀዋል። ሺህ ሲሆንስ? ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አንድ ሰርቨር ቢበላሽ በውስጡ ይሠሩ የነበሩትን ጥቅሎች ማን አንሥቶ ወደ ደኅናው ያሻግራቸዋል?

ዛሬ በብዙ የዓለም ድርጅቶች ይህን የሚሠራው ኩበርኔቲስ የተባለ ሶፍትዌር ነው። ስሙ ከግሪክ የተወሰደ ሲሆን «መርከብ መሪ» ማለት ነው። ስሙን ያወጡለት ሰዎች ሶፍትዌሩ ምን እንደሚሠራ በአንድ ቃል ተናግረዋል፤ ስለዚህ እኛም በቃሉ በኩል እንገባለን። በዚህ ምዕራፍ የምንይዘው ሐሳብም አንድ ነው፦ መምራት ማለት መሆን ያለበትንና የሆነውን ሳያቋርጡ እያነጻጸሩ ልዩነቱን ማጥበብ ነው።

ከወረታ ደረቅ ወደብ እንነሣ

ከደብረ ታቦር ተነሥቶ ወደ ምዕራብ የሚወርደው መንገድ የጉናን ደጋ ትቶ ፎገራ ሜዳ ላይ ሲደርስ ወረታ ከተማን ያገኛል። ከባሕር ዳር ጎንደር የሚሄደው መንገድና በደብረ ታቦርና በጋይንት አድርጎ ወልድያ የሚዘልቀው መንገድ የሚገናኙት እዚህ ነው። በዚህ መጋጠሚያ ከተማ ደረቅ ወደብ አለ። ባሕር በሌለበት የሩዝ አገር ወደብ መኖሩ የሚገርመው ካለ ምክንያቱ ኮንቴይነር ነው፤ የብረቱ ሣጥን ጅቡቲ ላይ ሳይከፈት በመኪና ተጭኖ እዚህ ድረስ መምጣት ይችላል።

የዛሬው አሠራር እንደ ጀመረ የሚቆጠርበት ቀን ይታወቃል። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 26 ቀን 1956 «አይዲያል ኤክስ» የተባለች መርከብ 58 ሣጥኖች ጭና ከአሜሪካዋ ኒውአርክ ወደ ሂውስተን ተነሣች። ማልኮም ማክሊን የተባለው የጭነት መኪና ባለቤት ያሰበው፣ ዕቃን በጆንያና በሣጥን እየነጠሉ ከማውረድ የመኪናውን ሣጥን እንዳለ አንሥቶ መርከብ ላይ መጫን ነበር። ሣጥኑ መጠኑና ማንጠልጠያው አንድ ዓይነት ከሆነ ክሬኑም መርከቡም መኪናውም በውስጡ ቡና ይኑር ጨርቃጨርቅ ማወቅ አያስፈልጋቸውም።

የሶፍትዌር ሰዎች ይህን ሐሳብ ከነስሙ ወሰዱት። በተለይ ዶከር የተባለው መሣሪያ እ.ኤ.አ. በ2013 ከወጣ በኋላ ፕሮግራምን በኮንቴይነር ማሸግ በዓለም ተስፋፋ። ሰርቨሩ የሚቀበለው ጥቅል የባንክ ሥራ ይዞ ይሁን የትምህርት ቤት መዝገብ ግድ የለውም። ሆኖም የብረቱ ሣጥን በራሱ እንደማይሄድ ሁሉ የሶፍትዌሩም ጥቅል ቦታውን መርጦ አይቀመጥም፤ ሲወድቅም ራሱን አንሥቶ ሌላ ሰርቨር ላይ አይገባም። ሣጥኑ ከተገኘ በኋላ የጎደለው መሪው ነበር።

የታንኳው ቀዛፊ ምን ያደርጋል?

መምራት ምን እንደሆነ ለማየት ከወረታ ብዙ መራቅ አያስፈልግም። ከጉና ተራራ የሚነሡት ርብና ጉማራ የፎገራን ሜዳ አቋርጠው ጣና ሐይቅ ይገባሉ። ከጉማራ መግቢያ አካባቢ ወደ ጣና ቂርቆስ የሚሻገር አንድ ታንኳ እናስብ። ታንኳው ከደንገል የተሠራ ነው፤ የደረቀው ደንገል በጥቅል በጥቅል ታስሮ ጫፉ ወደ ላይ እንዲቀና ተደርጓል። ከታች ውኃውን ሰንጥቆ አቅጣጫ የሚያስይዝ ነገር የለውም። ከኋላው የተተከለ መሪም የለውም። ያለው ሰው፣ የሰው ዓይንና አንድ መቅዘፊያ ነው።

ቀዛፊው መቅዘፊያውን አንዴ በቀኝ አንዴ በግራ ይነክራል። በቀኝ ሲቀዝፍ የታንኳው አፍ ወደ ግራ ያዘነብላል፤ በግራ ሲቀዝፍ ወደ ቀኝ። እንግዲህ ነፋስ ተነሥቶ አፉን ወደ ቀኝ ቢገፋው ቀዛፊው በቀኝ በኩል አንድ ሁለት ጊዜ አጠንክሮ ይመታል። የጉማራ ጅረት ወደ ጎን ቢወስደው ደግሞ አፉን ከደሴቱ ትንሽ ጅረቱ ወደሚመጣበት አቅጣጫ አዙሮ ይይዛል። በየምቱ መካከል ቀና ብሎ ደሴቱን ያያል፤ የታንኳውን አፍ ያያል፤ በሁለቱ መካከል ያለውን ክፍተት ይገምታል፤ ቀጣዩን ምት በዚያው ልክ ይሰጣል።

ይህ ሰው ከመነሣቱ በፊት ስንት ጊዜ በቀኝ፣ ስንት ጊዜ በግራ እንደሚቀዝፍ ቆጥሮ ቢነሣ አይደርስም። ቆጠራው ትክክል የሚሆነው ነፋስ በሌለበት፣ ውኃው በማይንቀሳቀስበት፣ ክንዱ በማይዝልበት ሐይቅ ላይ ብቻ ነው፤ እንዲህ ያለ ሐይቅ ደግሞ የለም። ወደ ደሴቱ የሚያደርሰው ማየት፣ ማነጻጸርና ማረም ነው፤ ሦስቱን ደጋግሞ እስኪደርስ ድረስ። ባለሙያዎች ይህን ዑደት «ፊድባክ» ይሉታል። የሥራ ውጤት ተመልሶ ለቀጣዩ ሥራ መረጃ ይሆናል ማለት ነው።

ጀማሪ ቀዛፊ የሚሳሳተውም እዚሁ ላይ ነው። አፉ ወደ ቀኝ ሲያዘነብል ደንግጦ በኃይል ይመታል፤ ታንኳው አልፎ ወደ ግራ ይዞራል፤ አሁንም ደንግጦ በተቃራኒው ይመታል። እየተጠማዘዘ ይሄዳል፤ ጉልበቱንም ይጨርሳል። የለመደው ሰው እርማቱን በልኩ ያደርጋል፤ ያረመውም ውጤቱን እስኪያሳይ ይጠብቃል። ይህን ነጥብ እንያዘው፤ ሶፍትዌሩም ውስጥ እናገኘዋለን።

ስሙ የመጣበት መንገድ

የጥንት ግሪኮች መርከብ የሚመራውን ሰው «ኩበርኔቴስ» ይሉት ነበር። ቃሉ በሆሜር «ኦዲሲ» ውስጥ ሳይቀር ይገኛል። በዚያን ዘመን ክብ መሪ አልነበረም፤ ሰውየው ከመርከቡ ኋላ ቆሞ በጎንና በጎን የታሰሩ ትልልቅ መቅዘፊያዎችን እያዘነበለ ነበር አቅጣጫ የሚያስይዘው። በእጅ የሚዞረው ክብ መሪ የመጣው እ.ኤ.አ. ከ1700ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ ነው። የኩበርኔቲስ ሶፍትዌር ዓርማ ግን ይህንኑ ክብ መሪ ነው የያዘው፤ ሰባት ዘንግ ያለው ነጭ የመርከብ መሪ በሰማያዊ መደብ ላይ።

ቃሉ ከባሕር ወደ ቤተ መንግሥት ለመውጣት ብዙ አልፈጀበትም። ፕላቶ «ሪፐብሊክ» በተባለው መጽሐፉ ስድስተኛ ክፍል ሀገርን በመርከብ ይመስላል። መርከበኞቹ መሪውን ለመያዝ እርስ በርስ ይሻማሉ፤ እውነተኛው መሪ ግን ወቅቱን፣ ሰማዩን፣ ከዋክብቱንና ነፋሱን ማጥናት ያለበት ሰው ነው ይላል። ሮማውያን ቃሉን ወስደው «ጉበርናቶር» አሉት። ከዚያ በፈረንሳይኛ በኩል አልፎ እንግሊዝኛው «ገቨርነር» ተወለደ፤ ክፍለ ሀገር የሚያስተዳድር ሹም ማለት ነው።

አማርኛ ከግሪክ ሳይበደር በራሱ መንገድ እዚያው ደርሷል። ሾፌር የሚጨብጠው ክብ ነገር መሪ ነው፤ መንገድ የሚያሳየው ሰው መሪ ነው፤ ሀገር የሚያስተዳድረውም መሪ ነው። በተክሌ አቋቋም በታወቀችው በደብረ ታቦር ደግሞ የቤተ ክርስቲያኑን ዜማ የሚመራው ሊቅ መሪጌታ ይባላል። መሪጌታ ዜማውን አንሥቶ ዝም አይልም፤ የማኅሌቱን ድምፅ እየሰማ የዘገየውን ያፋጥናል፤ የፈጠነውን ያሳርፋል። ግእዝም የራሱ ቃል አለው፦ ሐዳፊ። ታንኳና መርከብ የሚነዳ፣ የሚያቀና ማለት ነው። በቅዳሴ ጸሎት ውስጥ እግዚአብሔር «ሐዳፌ ነፍስ» ተብሎ ሲጠራ የምንሰማው ይህንኑ ቃል ነው።

ግሪክኛ ራሱ ግን ለአገራችን እንግዳ አልነበረም። የአክሱም ነገሥታት በሳንቲማቸው ላይ ግሪክኛ ይጽፉ ነበር፤ አዱሊስ ወደባቸውም የግሪክኛ ተናጋሪ ነጋዴዎች መናኸሪያ ነበር። ወንጌል፣ ጳጳስ፣ ጠረጴዛ የሚሉት ቃላት ከግሪክኛ ወደ እኛ ገብተዋል። የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 27 ላይ የጳውሎስን መርከብ የሚመራው ሰው በግሪክኛው ኩበርኔቴስ ነው፤ የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ «የመርከብ መሪ» ብሎ ተርጉሞታል። እንግዲህ ያ ጥንታዊ ቃል ከብዙ መቶ ዓመታት በኋላ እንዳለ ተመልሶ የመጣልን በኮምፒውተር በኩል ነው።

ሰው ያልያዘው መሪ

መምራት ማየት፣ ማነጻጸርና ማረም ከሆነ፣ ማሽን ሊሠራው ይችላል ወይ? እ.ኤ.አ. በ1788 ጄምስ ዋት ይችላል የሚል መልስ በብረት ሠርቶ አሳየ። በእንፋሎት ሞተሩ ላይ ሁለት የብረት ኳሶችን በሚሽከረከር ዘንግ አንጠለጠለ። ሞተሩ ሲፈጥን ኳሶቹ ተበትነው ወደ ላይ ይነሣሉ፤ ሲነሡ የእንፋሎቱን በር ያጠባሉ፤ ሞተሩ ይዘገያል። ሲዘገይ ኳሶቹ ይወርዳሉ፤ በሩ ይሰፋል፤ ሞተሩ ይበረታል። ማንም ሳይነካው ፍጥነቱ በልኩ ይቆያል። መሣሪያው የተጠራው «ገቨርነር» ተብሎ ነው፤ የድሮው መርከብ መሪ ስሙን ለብረት አወረሰ።

ይሁንና አንዳንዱ ገቨርነር እንደ ጀማሪው ቀዛፊ ነበር። ሞተሩን ያለልክ ያፈጥናል፤ ከዚያ ያለልክ ያዘገያል፤ መላልሶም ይዋዥቃል። ምክንያቱን በሒሳብ የመረመረው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ክላርክ ማክስዌል ነው። «ስለ ገቨርነሮች» የሚለው ጽሑፉ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1868 ነው፤ አፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ ያሠሩትን ሴባስቶፖል የተባለ መድፍ ከደብረ ታቦር እስከ መቅደላ አስጎትተው፣ እዚያው መቅደላ ላይ የወደቁበት ዓመት። ማክስዌል ያሳየው እርማት መኖሩ ብቻውን በቂ እንዳልሆነ ነው፤ የእርማቱ መጠንና ጊዜ ካልተመጠነ ማረሚያው ራሱ ችግር ይሆናል።

ከ80 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1948፣ አሜሪካዊው የሒሳብ ሊቅ ኖርበርት ዊነር በማሽንም በእንስሳም ውስጥ ያለውን ይህን ዑደት የሚያጠና መጽሐፍ አሳተመ። ለጥናቱ ስም ሲፈልግ ወደ ጥንቱ መርከብ መሪ ተመለሰና «ሳይበርኔቲክስ» አለው። ስሙን የመረጠውም ለማክስዌል ጽሑፍ ክብር ለመስጠት መሆኑን ገልጿል። ዛሬ በየዜናው የምንሰማው «ሳይበር ጥቃት»፣ «ሳይበር ደኅንነት» ውስጥ ያለው «ሳይበር» የዚያ ስም ቁራጭ ነው። ቃሉ ሲቆረጥ ትርጉሙም ከመምራት ርቆ ኢንተርኔት ነክ የሆነውን ሁሉ መጥሪያ ሆኗል። እ.ኤ.አ. በ2014 ይፋ የሆነው ኩበርኔቲስ ግን ወደ ሙሉው ቃልና ወደ ጥንቱ ሥራ ተመለሰ።

ኩበርኔቲስ እንዴት ይመራል?

ሶፍትዌሩን የጀመሩት የጎግል መሐንዲሶች ናቸው። ድርጅቱ ከዚያ በፊት «ቦርግ» የሚባል የውስጥ ሥርዓት ነበረው፤ ኩበርኔቲስ ከዚያ የተገኘውን ልምድ ይዞ ለማንም ክፍት ሆኖ ወጣ። የመጀመሪያው ሙሉ እትም እ.ኤ.አ. በ2015 ሲወጣ ባለቤትነቱ ለጋራ ተቋም ተላለፈ። ኮዱን ማንም በነፃ ማንበብ፣ መጠቀምና ማሻሻል ይችላል።

ባለሙያው ለኩበርኔቲስ የሚሰጠው የትእዛዝ ዝርዝር አይደለም። የሚጽፍለት መሆን ያለበትን ነው፤ ለምሳሌ «የዚህ ፕሮግራም 4 ቅጂዎች ምንጊዜም ሥራ ላይ ይሁኑ» ይለዋል። ይህ የተጻፈ ፋይል የታንኳው ደሴት ነው። ከዚያ በኋላ «ኮንትሮለር»፣ ማለትም ተቆጣጣሪ፣ የሚባሉ ትንንሽ ፕሮግራሞች ሥራ ይጀምራሉ። ስንት ቅጂ እየሠራ እንደሆነ ያያሉ፤ ከተጻፈው ጋር ያነጻጽራሉ፤ 3 ብቻ ካገኙ አንድ ይጨምራሉ፤ 5 ካገኙ አንድ ይቀንሳሉ፤ 4 ካገኙ አይነኩም። ከዚያም እንደገና ያያሉ። አንዱ ቅጂ የወደቀው ሰርቨሩ ተቃጥሎ ይሁን ፕሮግራሙ ተበላሽቶ መጀመሪያ መመርመር አያስፈልጋቸውም፤ ልዩነቱ ራሱ ለሥራ ይበቃል።

ሰርቨሮቹ ደግሞ «አለሁ» የሚል መልእክት ይልካሉ፤ በተለመደው አቀማመጥ በየ10 ሴኮንዱ። መልእክቱ ሲቋረጥ ሰርቨሩ አንድ ደቂቃ ሳይሞላ እንደጠፋ ይመዘገባል። ጥቅሎቹን በሌላ ሰርቨር ላይ ለመተካት ግን 5 ደቂቃ ያህል ይጠበቃል። የተቋረጠው መስመሩ ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ወዲያው ሁሉን ማንሣት እንደ ጀማሪው ቀዛፊ መደንገጥ ነው።

አሁን ከባዱን ቀን እናስብ። የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት የሚለቀቅበት ሰዓት ነው። በደብረ ታቦር፣ በአዲስ ዘመን፣ በእብናት፣ በነፋስ መውጫ ያለው ተማሪ በሙሉ በአንድ ጊዜ ስልኩን ይከፍታል፤ የቀረው የኢትዮጵያ ተማሪም እንዲሁ። ውጤቱን የሚያሳየው ፕሮግራም በኩበርኔቲስ የሚመራ ቢሆንና ባለሙያው «የእያንዳንዱ ቅጂ የሥራ ጫና 60 በመቶ አካባቢ ይሁን» ብሎ ቢጽፍ ምን ይሆናል? 4ቱ ቅጂዎች 90 በመቶ ተጨናንቀው ሲገኙ ስሌቱ ቀላል ነው፦ 4 ሲባዛ በ90፣ ሲካፈል ለ60፤ ውጤቱ 6። ስለዚህ 2 ቅጂ ይጨመራል። ይህ ስሌት በተለመደው አቀማመጥ በየ15 ሴኮንዱ ይደገማል፤ ጫናው ከጨመረ እንደገና ይጨመራል።

ጫናው ሲቀንስ ግን ነገሩ ይለያል። ሶፍትዌሩ ቅጂዎችን ለመቀነስ አይቸኩልም፤ ያለፉትን 5 ደቂቃዎች አይቶ በዚያ ጊዜ ውስጥ የታየውን ትልቁን ፍላጎት ይወስዳል። ለምን? ጫናው ለአፍታ ወርዶ እንደገና ሊወጣ ይችላል፤ ያኔ የጠፋውን ቅጂ መልሶ ማስነሣት ጊዜ ይፈጃል፤ ተማሪውም ባዶ ገጽ ላይ ይጠብቃል። ማክስዌል በብረት ኳሶች ላይ ያየው መዋዠቅ እዚህም ስላለ መድኃኒቱም ተመሳሳይ ነው፦ እርማትን መመጠንና ውጤቱን መጠበቅ።

መሪው የማይመርጠው መድረሻ

ኩበርኔቲስ ትጉህ ነው፤ የተጻፈለት ትክክል መሆኑን ግን አይመዝንም። ባለሙያው ተሳስቶ «0 ቅጂ ይኑር» ብሎ ቢጽፍ ሁሉንም አጥፍቶ፣ ባዶነቱን በታማኝነት ይጠብቃል። የተበላሸ ፕሮግራም ቢሰጠው፣ ሲወድቅ ያነሣዋል፤ እንደገና ሲወድቅ እንደገና ያነሣዋል። በየመካከሉ የሚጠብቀውን ጊዜ ከ10 ሴኮንድ ወደ 20፣ ከዚያ ወደ 40 እያሳደገ እስከ 5 ደቂቃ ይደርሳል እንጂ ፕሮግራሙን አያርመውም። ጫናን እንዲያይ ከታዘዘ ጫናን ያያል፤ ውጤቱ በስህተት የተጻፈበትን ተማሪ አያይም። እንዲያይ ያልተነገረውን ማንኛውንም ነገር አያይም።

ይህ ገደብ ቃሉ ከልደቱ ጀምሮ የያዘው ነው። የግሪኩ መርከብ መሪ መርከቧ ወደየት እንደምትሄድ አይወስንም ነበር፤ የጭነቱ ባለቤት ወይም ንጉሡ ያዘዘውን ወደብ ነበር የሚፈልገው። አማርኛችን መሪውን ጨባጩንና ሀገር የሚያስተዳድረውን በአንድ ቃል ስለሚጠራ ልዩነቱ እንዳይጠፋብን መጠንቀቅ አለብን። ማሽን መሪውን ሊጨብጥ ይችላል። መድረሻውን መምረጥ ግን የሰው ሥራ ነው፤ ተጠያቂነቱም የሰው ነው።

ይህን የምጽፈው ቀጣዩ ትውልዳችን ብዙ ነገሩን በእንዲህ ያለ መሪ እጅ ስለሚያገኘው ነው። ባንኩ፣ የክፍያ መተግበሪያው፣ የትምህርት መዝገቡ ሁሉ ወደዚያው እየሄደ ነው። አንድ መሥሪያ ቤት «ሲስተሙ በራሱ ነው የሚያደርገው» ሲለን ዝም ብለን መቀበል የለብንም። ሦስት ጥያቄ መጠየቅ መብታችን ነው፦ እንዲደርስበት የተጻፈለት ግብ ምንድን ነው፣ ማንስ ጻፈው? መድረሱን የሚያውቀው ምን እያየ ነው? ሲሳሳት የሚያርመው ሰው የት ይገኛል? ሦስቱንም የሚመልስ ሥርዓት ሊታመን ይችላል። አንዱን እንኳ መመለስ ያቃተው ሥርዓት መሪ ቢኖረውም ወዴት እንደሚሄድ የሚናገር የለውም።

በደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲም ሆነ በሌላ ቦታ ኮምፒውተር ለሚማሩ ወጣቶች ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር። የኩበርኔቲስ ኮድ ክፍት ነው፤ ለማንበብ ፈቃድ አያስፈልግም። በአንድ ላፕቶፕ ላይ ትንሽ አድርጎ መትከል፣ 3 ቅጂ አስነሥቶ አንዱን ሆን ብሎ ማጥፋትና ሦስተኛው ተመልሶ ሲነሣ ማየት ይቻላል። ያን ያየ ሰው ፊድባክ ማለት ምን እንደሆነ ከዚህ ምዕራፍ በላይ ይገባዋል። በምዕራፍ 9 ወደ ሁለተኛው ጥያቄ እንሻገራለን፤ ማሽኑ የሚያየው መረጃ ራሱ ስህተት ቢሆን ምን ይሆናል የሚለውን እንመረምራለን።